ለመጀመሪያ ጊዜ ብሬዝወርክ ልሄድ ነው፤ ምን ይጠብቀኛል?

የበሬሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የደብረ ብርሃን ልጆች ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ከታናሽ እህቴ ጋር የአተነፋፈስ ልምምድ ልሄድ ነው፤ ብሬዝወርክ የሚሉትን። አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ሠልጥና መጥታ እዚሁ ቤት ተከራይታ ታሠራለች። በአንድ ዙር 8 ሰው ብቻ ነው የምትቀበለው። ያስመዘገበችኝ እህቴ ናት። እኔ ከክረምት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል፣ እንደዚያው ስገላበጥ ይነጋል። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመርምሬአለሁ። ልብሽም ሳንባሽም ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው አሉኝ።

ታዲያ ስለዚህ ነገር ቪዲዮ ስፈልግ ሰው ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ፣ እጁ ሲኮማተር፣ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ፈራሁ። እውነት እንደዚያ ያደርጋል? ሰው ፊት ባለቅስስ? ራሴን ብስትስ? ምን ለብሼ፣ ምን በልቼ ልሂድ? የሄዳችሁ ሰዎች ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ጣርማበር

አይዞሽ እህቴ። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ 4 ጊዜ ገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ስለማልረሳው እሱን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ክብ ሠርታችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ለምን እንደመጣሽ ትጠየቂያለሽ፤ መናገር ካልፈለግሽ ዝም ማለት ይቻላል። ከዚያ በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ ዓይንሽን በጨርቅ ትሸፍኛለሽ፣ ሙዚቃ ይከፈታል። እኔ የሠራሁት በአፍ የሚተነፈሰውን ነው። መጀመሪያ ሆድሽን፣ ቀጥሎ ደረትሽን ትሞይና ሳትይዢ ትለቂዋለሽ፤ ለቀቅሽ ብለሽም ሳታርፊ ወዲያው መልሰሽ ትስቢያለሽ። መሐል ላይ ማረፊያ የለውም፤ ከወትሮው አተነፋፈስ የሚለየው በዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች አይገፉም። አፍ ይደርቃል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ተነስቼ ልውጣ ያሰኛል። ከዚያ ከንፈርሽ ዙሪያ ጉንዳን የሄደብሽ ይመስል ይወርርሻል፣ ቀጥሎ ጣቶችሽን። እኔ 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆን እጆቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው አውራ ጣቴ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ልዘረጋው ብል እምቢ አለኝ። ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበርና ሽባ ሆንኩ ብዬ ክው አልኩ። የምታሠራን ሴትዮ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ቀስ በል፣ በአፍንጫህ ተንፍስ» አለችኝ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተፈታ። ሰውነት ውስጥ ኦክስጅን ሲበዛ ነው እንደዚያ የሚያደርገው አሉኝ።

ማልቀሱ እውነት ነው፣ ግን ሁሉም አያለቅስም። እኔ ያለቀስኩት በሁለተኛው ቀን ነው። ምክንያቱን እስካሁን አላውቀውም፤ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሲወርድ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት። ሰው ፊት ላልሽው ግን አታስቢ፣ ሁሉም ዓይኑን ሸፍኖ በራሱ ጉዳይ ተይዟል።

ምሳ በጊዜ ብዪና ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተሽ ግቢ። ሆድ ሞልቶ ጭንቅ ነው። ቡናውንም ለዚያ ቀን ከሰዓት ተይው፣ ልብን ያስሮጣል። ጠበቅ ያለ ቀበቶ አታድርጊ። ጋቢ ደግሞ አደራ! ላብ ላብ ካለሽ በኋላ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ የደብረ ብርሃንን ወለል ታውቂዋለሽ።

ሲስተር ዘደብረ ሲና

ወንድሜ ጣርማበር ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የኦክስጅኑን ነገር ብቻ ላርመው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦም ደሙ የሚችለውን ያህል ኦክስጅን ለመሸከም ትንሽ ነው የሚቀረው። በኃይል በመተንፈስ የሚጨመረው ኢምንት ነው። በብዛት የሚለወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። በፍጥነትና በጥልቀት ስንተነፍስ እሱን ከመጠን በላይ እናስወጣዋለን። እሱ ሲያንስ የደም አሲድነት ይቀንሳል፣ ይሄን ተከትሎ ደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዞረው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ያኔ ነርቮች ቁጡ ይሆናሉ፤ ትንሽ ነገር ይነካቸዋል። የከንፈሩ መውረር፣ የጣቱ መደንዘዝ፣ የእጁ መታጠፍ ከዚያ ነው የሚመጣው። የአንጎል ደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ማዞሩና ሰመመን የሚመስለው ስሜት የእሱ ነው። በዚያ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጎድል ደም የያዘውን ኦክስጅን ለመልቀቅ ይሰስታል። አየር በገፍ እያስገባሽ አንጎልሽ ጋ የሚደርሰው ግን ያንሳል ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ምክንያቱን ካወቅሽ እጅሽ ሲታጠፍ አትደነግጪም፤ ድንጋጤው ራሱ ደግሞ ትንፋሽን ያፋጥናል፣ ነገሩ እየባሰ ይሄዳል። መፍትሔው በእጅሽ ነው። አፍሽን ዝጊ፣ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ፌስታል ወይም የወረቀት ከረጢት አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ የሚባል የድሮ ዘዴ አለ። እሱን ማንም እንዳያደርግልሽ። ችግሩ የልብ ወይም የሳንባ ሆኖ ከተገኘ ሰውን ይጎዳል።

አሁን የኔ ጥያቄ። እርጉዝ ነሽ? የሚጥል በሽታ አለብሽ? የልብ ሕመም፣ በመድኃኒት ያልተያዘ ደም ግፊት፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ፣ ግላኮማ ወይም ሬቲና የሚባለው የዓይን ችግር፣ በቅርብ የተደረገ ኦፕራሲዮን? ባይፖላር ወይም ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም በአንቺ ወይም በቅርብ ቤተሰብሽ ላይ ታይቶ ያውቃል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ይሄ የፈጣኑ ዓይነት ለአንቺ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚተነፈሰውን ያዢ። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ሐኪምሽን ሳታማክሪ እንዳታቋርጪ።

የበሬሳዋ

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱም የለብኝም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እኛ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው ይባላል። ይሄ ነገር ያመጣል?

ሲስተር ዘደብረ ሲና

ጥሩ ጠየቅሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። እንደዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰውነት ለማካካስ ሲል በዝምታም ትንሽ አብዝቶ ይተነፍሳል። አንቺ ተወልደሽ ያደግሽበት ስለሆነ ለምደሽዋል። ከቆላ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ሰው ግን ቶሎ ሊያዞረው ስለሚችል ቢያንስ አንድ ቀን አድሮ ቢሠራ ይሻላል። አንቺም የመጀመሪያሽ ስለሆነ በግማሽ ኃይል ጀምሪ። የሚያሯሩጥሽ የለም።

የሮቢት ልጅ

እኔ የምጽፈው ደስ አይልም፣ ግን መነገር አለበት።

ከ3 ዓመት በፊት አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። ቦታውን አልጠራም፤ ደብረ ብርሃን አይደለም። 30 የምንሆን ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተኛን። ስለ ጤናችን አንድ ቃል የጠየቀን የለም። ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ደረቴ ጥብቅ አለ፣ ማቆም ፈለግኩና ቀና አልኩ። የሚያሠራው ሰውዬ መጥቶ ሳይጠይቀኝ ደረቴን በሁለት እጁ ተጭኖ መልሶ አስተኛኝ። «ተቋቋመው፣ ሊወጣልህ ነው» ይላል። ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ሰው ፊት ተነስቶ መውጣት አፈርኩና ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለ2 ሳምንት ያህል ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረኝ እየመሰለኝ መስኮት ሥር እሽቀዳደም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ገና ሳትተኚ ጠይቂ። ማቆም ስፈልግ ምን ላድርግ? ሰው ትነኪያለሽ ወይ፣ አልፈልግም ለማለት ምልክቱ ምንድን ነው? ሰው ቢታመም ምን ታደርጊያለሽ? ጥያቄው የሚያስቆጣት ከሆነ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። የከፈልሽው ገንዘብ ይቅር።

ጣርማበር

ወንድሜ በጣም አዝናለሁ። እኔ የሄድኩበት ቦታ ሳይጠይቁ አይነኩም ነበር፣ ሁሉም ቦታ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይሄን መጻፍህ ጥሩ ነው።

የአንኮበሯ

ይቅርታ፣ እኔ የማስበው ሌላ ነው። ይሄ ነገር ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም? የሆነ መንፈስ መጥሪያ ነው የሚሉ አሉ። እህቴን ሳስብ ነው የምጠይቀው፣ ለመፍረድ አይደለም።

ሰላ ድንጋይ 60

ልጄ የአንኮበሯ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። የ60 ዓመት ሰው ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሐኪም ምክር የቀስታውን አተነፋፈስ በየቀኑ እሠራለሁ። ለኔ ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፤ እግር ሲዝል እንደማሸት ነው የማየው። ሲስተር የጻፈችውን አንብቢ፣ እጅ የሚያጥፈው የደም ለውጥ ነው፣ መንፈስ አይደለም።

ግን አንዳንዱ አሠልጣኝ ከትንፋሹ ጋር የሌላ እምነት ዝማሬና ጥሪ ይቀላቅልበታል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ ከትንፋሽ ሌላ ምን አለበት? የሚባል ቃል አለ? ካለና ልብሽ ካልተቀበለው አትበዪው። የንስሐ አባት ያለውም ያማክር። እኔ አማክሬ ነው የጀመርኩት፤ አባቴ «ጸሎትህን እንዳይተካው ብቻ» ነው ያሉኝ።

የአንኮበሯ

እሺ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ገባኝ።

ተማሪ ደብረ ብርሃን

ከምትጠይቂው ሁሉ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቂ። ብሬዝወርክ አንድ ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚፈራውም የሚደባለቅበት ስለሆነ ነው።

አንዱ ሆሎትሮፒክ የሚባለው ነው። ስታኒስላቭ ግሮፍ የሚባል ፕራግ የተወለደ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ሚስቱ ክሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩት ነው። ግሮፍ ቀድሞ ኤልኤስዲ በሚባለው፣ የሌለ ነገር በሚያሳይና አእምሮን በሚለውጥ መድኃኒት ላይ ምርምር ይሠራ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲታገድ ያንኑ የመሰለ ሁኔታ በትንፋሽና በሙዚቃ ማምጣት ይቻላል ብሎ ነው ወደዚህ የዞረው። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሲተነፍስ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ሥዕል ይሥላሉ። አንቺ ቪዲዮ ላይ ያየሽው ሲያለቅሱና ሲንቀጠቀጡ የነበሩት ምናልባት ይሄንን ወይም የሱን ዘመድ ሲሠሩ ይሆናል።

ሌላው የሆላንዱ የዊም ሆፍ ነው። 30 ወይም 40 ጊዜ በጥልቀት ተንፍሰሽ አየሩን ታስወጪና ባዶ ሳንባ ይዘሽ ትቆያለሽ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ስበሽ 15 ሰከንድ ትይዣለሽ፣ ይሄንኑ ትደጋግሚዋለሽ። ይሄን ውኃ ውስጥ ወይም መኪና እየነዱ መሥራት ክልክል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ «ተንፍስ» የሚለው ጥሪ ይዘገያል፣ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ውኃ ውስጥ ሠርተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ለጓደኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይሄንን ነው፤ መዋኛ ገንዳ ሲያዩ መሞከር የሚያምራቸው አሉና።

ሦስተኛው ጋሼ የሚሠሩት ለስላሳው ነው። 5 ሰከንድ ማስገባት፣ 5 ሰከንድ ማስወጣት፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ። እጅ አያጥፍም፣ አያስለቅስም። ለእንቅልፍ ከሆነ የምትፈልጊው እኔ በዚህ ነበር የምጀምረው። ሌላም ቀላል አለ፦ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ትስቢያለሽ፣ ሁለተኛዋ አጭር ናት፣ ከዚያ በአፍ ረጅም ኡፍፍ ብለሽ ታስወጪያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ይሄን በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር የሠሩ ሰዎች ስሜታቸው የተሻሻለው በተመስጦ ከተቀመጡት በልጦ ነው። እናቴ ሥራ ውላ ስትገባ በር ላይ የምታደርጋት ያቺው ኡፍፍ ናት።

የልጆች እናት

ሲስተር እኔም ልጠይቅሽ። አስም አለብኝ፣ በብርድ ይነሳብኛል። ይሆነኛል?

ሲስተር ዘደብረ ሲና

የፈጣኑ ዓይነት ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፍ በብዛት ስለሚያስገባ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። በእኛ አገር ብርድ ደግሞ ይብሳል። የቀስታውን በአፍንጫ ብትሠሪ ይሻልሻል፤ እሱንም ቢሆን ፓፍሽን አጠገብሽ አድርገሽ፣ ሐኪምሽን ጠይቀሽ። ማፈን ከጀመረሽ ወዲያው አቁሚ።

የበሬሳዋ

ሰላም፣ ተመለስኩ። ትናንት ሄድን። ሁሉንም ልጻፍ፣ ረዘም ይላል ታገሡኝ።

ሲገባ መስኮቱ በባና ተሸፍኗል፣ ወለሉ ላይ ሰሌን፣ በላዩ ስፖንጅ ተነጥፏል። ልጅቷ መጀመሪያ ወረቀት ሰጠችን። ሲስተር የጠየቀችኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አሉበት። ግፊታችንንም ለካች። አንዷ የ3 ወር እርጉዝ ነኝ ስትላት ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻትና «አንቺ በአፍንጫሽ በቀስታ ብቻ» አለቻት። የሮቢት ልጅ፣ ያንተን ጥያቄ ሦስቱንም ጠየቅኩ። አልተቆጣችም፣ እንዲያውም ለሁሉም ጮክ ብላ መለሰች። እንድትነካው የማይፈልግ ሰው አንድ እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ አለች። እኔ አደረግኩ። አልነካችኝም። የሚባል ቃል፣ የሚጠራ ነገር አልነበረም፤ ዋሽንት ብቻ ነው የከፈተችው። የትንፋሹ ጊዜ 30 ደቂቃ ነበር።

በሶ ሳይበጠበጥ የቃምኩ ያህል አፌ ደረቀ። ሆዴ ላይ ያለውን ትንፋሽ ማግኘት ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለካ ይሄን ሁሉ ወር በደረቴ ጫፍ ብቻ ነበር የምተነፍሰው። ከዚያ ጉንዳኑ መጣ፣ ከንፈሬ፣ አፍንጫዬ ዙሪያ፣ ጣቶቼ። ቀጥሎ ቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ቀስ እያሉ ሲታጠፉ ተሰማኝ። አውራ ጣቴ መዳፌ ውስጥ ገባ። ልቤ ድው አለ፣ ያው የሌሊቱ ዓይነት። የሲስተር ጽሑፍ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። በአፍንጫዬ እስከ 6 እየቆጠርኩ አስወጣሁ፣ ደገምኩ፣ ደገምኩ። መጀመሪያ የተፈታችው አውራ ጣቴ ናት። የጋቢዬን ጥለት ጫፍ ያዝኩና በጣቶቼ ስዳብሰው ቆየሁ፤ ጣቴ ይታዘዘኛል። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ ይከብደኛል። ያ የሌሊቱ ድው ድው እኔው በትንፋሼ ላበርደው የምችለው ነገር መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። ከዚያ መልሼ ጀመርኩ፣ በግማሽ ኃይል።

አላለቀስኩም። አለቅሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ አልመጣም። እህቴ ግን አጠገቤ ተንሰቀሰቀች። ልነሳ ስል ልጅቷ በእጇ ቆዪ አለችኝና ራሷ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። አልነካቻትም፣ ምንም አላለቻትም፣ ቁጭ ብቻ።

መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ዝም ብለን ተኛን። እግሬ በረዶ ሆኖ ነበር፣ ካልሲ ሁለት አድርጉ። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ሳልፍ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ዝንጅብል ሻይና ቆሎ ሰጠችን፣ ቶሎ እንዳንነሳ፣ መኪናም እንዳንነዳ ነገረችን።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኛሁ፣ የነቃሁት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሌሊት ነው፣ ድኛለሁ አልልም። ዛሬ ትንሽ ራሴን ያመኛል። እህቴ ደግሞ ሆድ ብሷታል፣ ጠዋት ስለ አባታችን ስታወራኝ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እሷን ብቻዋን አልተዋትም፣ ዛሬ እኔ ጋ ናት።

ሲስተር ዘደብረ ሲና

እሰይ! የራስ ምታቱ በአንድ ቀን መሄድ አለበት፣ ውኃ ጠጪ። እህትሽ ሐዘኗ ከሳምንት በላይ ሥራና ምግብ ከከለከላት የሚያናግራት ባለሙያ ጋ ውሰጃት። አንቺም ደረትሽ ላይ አዲስ ሕመም ከተሰማሽ ጭንቀት ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ታዪ። በየማታው የተማሪውን 5 በ5 ከመኝታ በፊት 10 ደቂቃ ሥሪ።

ጣርማበር

አውራ ጣትሽ ስትፈታ ያልሽው እኔንም ወደዚያ ቀን መለሰኝ። እንኳን ደስ ያለሽ።

የሮቢት ልጅ

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግድግዳ ተደግፎ በቀስታ የሚሠራ ሰው ትቀበላለች? በፈጣኑ አልገባም፣ ግን ያ ቀን ውስጤ እንደዚያው ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

የበሬሳዋ

አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። ትቀበላለች። የሆነብህን እኔ አልነገርኳትም፣ ከፈለግክ ራስህ ትነግራታለህ። የሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ያዢለት ብያታለሁ፤ መውጣት ካማረህ ማንንም ሳትሻገር ትወጣለህ። ሲስተር እንዳለችው ከቆላ መጥተህ በዚያው ቀን አትሥራ፣ ዓርብ ግባ፤ ወንድሜ ቤት ታድራለህ፣ ነግሬዋለሁ። ጋቢ እኛ ጋ አለ፣ ካልሲ ብቻ ሁለት ያዝ።